ተመልካቹ ሲሄድ ዕዳው የማን ነው?

አንድ ሙያ ሕዝቡን ሲያጣ ባለሙያው ምን ይሆናል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን በሞላ ጊዜ ሸማኔውን፣ የፕላስቲክ ዕቃ በበዛ ጊዜ ሸክላ ሠሪዋን ገጥሟል። ዛሬ ደግሞ ይኸው ጥያቄ በስፖርት ማሰራጫ ድርጅቶች ደጅ ቆሟል። ይሁንና የዛሬው ከቀድሞዎቹ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነጥብ አለ። የሸማኔው ደንበኛ የእጅ ሥራውን ትቶ ሌላ ልብስ ለበሰ፤ የስፖርት ጣቢያው ተመልካች ግን ኳሱን አልተወም። ዛሬም ይወዳል፣ ዛሬም ይከራከራል፣ ቡድኑ ሲሸነፍ ዛሬም እንቅልፍ ያጣል። የተወው ወርኃዊ ክፍያውን ነው። እንግዲህ ሕዝቡ ለጨዋታው ያለው ፍቅር ሳይጎድል፣ ጨዋታውን ለሕዝብ በማቅረብ የሚኖረው ሠራተኛ እንጀራው ሲጎድል፣ ጥፋቱ የማን ነው? ዕዳውስ በማን ላይ ያርፋል?

ፍርድ ከመስጠት በፊት የነገሩን አመጣጥ ማወቅ ይገባል።

፩. ቤቱ የቆመበት ምሰሶ

በአሜሪካ ኬብል ቴሌቪዥን ሲባል በየቤቱ በተዘረጋ ሽቦ ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ ጥቅል፣ በአንድ ወርኃዊ ሒሳብ የሚያቀርብ አገልግሎት ማለት ነው። ደንበኛው ከጥቅሉ ውስጥ የሚወደውን ብቻ መርጦ ለዚያ ብቻ መክፈል አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በኮኔቲከት ግዛት፣ ብሪስቶል በተባለች ከተማ ሥራውን የጀመረው ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. የተባለው የስፖርት ጣቢያ ያደገው በዚህ ሥርዐት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣቢያው ወደ 100 ሚሊዮን ያህል ቤቶች ይገባ ነበር። ከእያንዳንዱ ቤት በወር የሚያገኘውም ገንዘብ እያደገ ሄዶ ከ7 ዶላር በላይ ደረሰ። ከፋዮቹ ሁሉ ግን የስፖርት ወዳጆች አልነበሩም። በሕይወታቸው አንድ ጨዋታ ተቀምጠው ያላዩ፣ ቴሌቪዥኑን ለዜና ወይም ለድራማ ብቻ የሚከፍቱ ሚሊዮኖች ሳያውቁት ለስፖርቱ ይከፍሉ ነበር። የቤቱ ምሰሶ ተመልካቹ ብቻ ሳይሆን የማይመለከተውም ጭምር ነበር ማለት ነው።

ድርጅቱ በዚህ ገቢ ተማምኖ ረዣዥም ውሎችን ፈረመ። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግን የሰኞ ምሽት ጨዋታዎች ለማስተላለፍ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለ8 ዓመት 15.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ለቅርጫት ኳስ ሊጉ ደግሞ ተርነር ከተባለው ድርጅት ጋር በጋራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 መኸር ጀምሮ ለ9 ዓመት 24 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ፈረመ። ነገር ግን ውሉ እየረዘመ ሲሄድ ምሰሶው ይሳሳ ጀመር። በኢንተርኔት የሚታይ ፊልምና ትርኢት በርካሽ ሲገኝ፣ ከሁሉ በፊት ጥቅሉን የተዉት ስፖርት የማያዩት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ጣቢያው የሚገባባቸው ቤቶች ቁጥር ወደ 88 ሚሊዮን ወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 300 ሠራተኞች ተሰናበቱ። በሚያዝያ 2017 ብዙዎቹ በመልካቸውና በድምፃቸው የታወቁ ወደ 100 የሚሆኑ ጋዜጠኞችና አቅራቢዎች፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ሌሎች 150 ሄዱ። በ2020 ወደ 300 ሰዎች ተቀንሰው ሌሎች 200 ክፍት የሥራ ቦታዎች ሳይሞሉ እንዲቀሩ ተደረገ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ድርጅቱ ለሊጎቹ የገባው ቃል በዓመታት የተቆጠረ፣ በፊርማ የታሰረ ስለነበረ ሊቀነስ አልቻለም። ለሠራተኛው የተገባው ቃል ግን አጭር ነበር፤ ስለዚህ ተቀነሰ። ጉድለቱ በደረሰ ጊዜ የተቆረጠው ብዙ ወጪ ያስከተለው ሳይሆን፣ ለመቁረጥ የሚቀለው ነው። የዚህ ጉዳይ የሥነ ምግባር እንብርት ያለው እዚህ ላይ ነው።

፪. ከአህጉሩ ሰማይ እስከ ሰባታሚት

ነገሩ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም። በአፍሪካ የስፖርት ጨዋታዎችን በሳተላይት በማሰራጨት ቀዳሚው የደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ ነው፤ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. የተባለው አገልግሎትና ሱፐር ስፖርት የተባሉት ጣቢያዎች የእርሱ ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በሀገሩ ከ2,000 በላይ ሠራተኞችን ሊቀንስ እንደሚችል አስታወቀ። ሊቀነሱ የታሰቡት በስልክ የደንበኛን አቤቱታ የሚሰሙና በመስኮት ተቀምጠው የሚያስተናግዱ ነበሩ፤ ምክንያቱም ደንበኛው ጉዳዩን በራሱ ስልክ መጨረስ ጀምሮ ነበር። ከዚያም የኑሮ ውድነቱ፣ የየሀገሩ ገንዘብ መውደቅ፣ በኢንተርኔት የሚታየው አማራጭና ያለ ፈቃድ የሚሰራጨው ሥርጭት ተደማምረው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 በተጠናቀቁት ሁለት የበጀት ዓመታት ድርጅቱ 2.8 ሚሊዮን ደንበኞችን አጣ።

ይህ የሰማይ ነገር በጣና ዳርቻ እንዴት ይታያል? በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ጨዋታዎች በአምስት ዓመት ውል በሱፐር ስፖርት መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ውድድሩን ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ባሕር ዳር ነበረች። በባሕር ዳር ስታዲየም የተመታች ኳስ ምስሏ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከሳተላይት ተመልሶ፣ ከስታዲየሙ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው በሰባታሚት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በተተከለ ሳህን ይወርድ ነበር። ጎረቤት የጎረቤቱን ጨዋታ ለማየት ሰማይን ዞሮ መጣ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአበው አባባል ለሳተላይት የተነገረ እስኪመስል ድረስ ይስማማል፤ ላሟ የታየችው ሒሳብ እስከ ተከፈለ ድረስ ብቻ ነውና።

እንደ ሰባታሚት ባለ የከተማ ዳርቻ ሁሉም ቤት ዲኮደር የለውም። በኢትዮጵያ ከተሞችና ዳርቻዎቻቸው የተለመደው የጋራው አዳራሽ፣ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት የሚባለው ነው። በደጁ በተሰቀለ ሰሌዳ የዕለቱ ጨዋታ ይጻፋል፤ ተመልካቹ በበር ላይ ጥቂት ብር ከፍሎ በአግዳሚ ላይ ይቀመጣል። በአንድ ዲኮደር መቶ ዐይን ያያል። መምህሩና ተማሪው፣ የባጃጅ ነጂውና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይከራከራሉ። በአሜሪካ የማያየው ለሚያየው ሲከፍል፣ እዚህ የሚያዩት ተዋጥተው ለአንድ ሳህን ይከፍላሉ። ሁለቱም ሰው ብቻውን ሊያቆመው የማይችለውን ነገር በጋራ የማቆም መንገዶች ናቸው፤ ልዩነቱ የኋለኞቹ ለምን እንደሚከፍሉ ማወቃቸው ነው።

ዛሬ አዳራሹም ተፎካካሪ አግኝቷል። ጎሉ በተቆጠረ በደቂቃዎች ውስጥ በቴሌግራም ይደርሳል። ወጣቱ ዘጠና ደቂቃ ተቀምጦ የሚያየውን በአንድ ደቂቃ ጨርሶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እርግጥ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ አይደለም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ ስልኩ ሊሰጥ ያልቻለውን የሰጠው ያው አሮጌ የተባለው ሳህን ነበር። አቅጣጫው ግን አይጠፋም። አዳራሹ ሲሳሳ የአዳራሹ ባለቤት፣ ሰሌዳውን የሚጽፈው ልጅ፣ በደጁ ቆሎና ሻይ የምትሸጠው እናት ይቀነሳሉ። ለእነዚህ የስንብት ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። ቁጥራቸው በማንም የበጀት ዓመት መግለጫ ውስጥ አይገባም።

፫. ሦስት ተከሳሾች

የመጀመሪያው ተከሳሽ ተመልካቹ ነው። «አንተ ብትቆይ ኖሮ ሠራተኛው አይባረርም ነበር» ይባላል። ክሱ ግን አይጸናም። ሰው ለልጁ ደብተር ወይም ለቤት ኪራይ ያስፈለገውን ገንዘብ በጨዋታ ላይ እንዲያውል ግዴታ ሊጣልበት አይችልም። በተለይም የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ በደመወዝተኛው ላይ እንዴት እንደ ከበደ የማያውቅ የለም። መሄድ መብት ነው። እዚህ ላይ ግን የሚሄደውን ከሚሰርቀው መለየት ያስፈልጋል። ክፍያውን ትቶ ጨዋታውንም የተወ፣ ወይም ሕጋዊ ወደ ሆነ ርካሽ አማራጭ የዞረ ሰው የማንንም ዕዳ አልተሸከመም። ክፍያውን ትቶ፣ የሌላውን ሰው ድካም ግን ያለ ፈቃድ የሚወስድ ሰው የዕዳው ጥቂት ድርሻ አለበት። በሰባታሚት አዳራሽ በር ላይ ጥቂት ብሩን የሚከፍለው ድሀ፣ በዘመናዊ ስልኩ የተሰረቀ ሥርጭት ከሚያየው ባለጸጋ ይልቅ በዚህ ሚዛን ይከብራል።

ሁለተኛው ተከሳሽ ቴክኒክ ነው። «ዘመን አመጣሽ ነው፤ ማንንም አንወቅስም» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከጣና ይገኛል። የሐይቁ ዳርቻ የወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳን ከደንገል የመሥራት ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ይዞ ኖሯል። የሞተር ጀልባ ሲመጣ የታንኳው ሥራ ጠበበ፤ ይህ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ታንኳ ሠሪው ገበያው ሲርቀው ጥበቡ በእጁ ቀርቷል፤ ደንገሉ እስካለ ድረስ ቢያንስ ለራሱ ዓሣ ማስገሪያ ያህል ይሠራል። የስፖርት ጣቢያ ሠራተኛ ግን ሲሰናበት ምን ይዞ ይወጣል? ካሜራው የድርጅቱ ነው። ሳተላይቱ የሌላ ነው። የማስተላለፍ መብቱ የሊጉ ነው። ለዓመታት የተናገረበት ድምፅ እንኳ ተቀርጾ በድርጅቱ መዝገብ ቤት ይቀመጣል። እንግዲህ የታንኳ ሠሪውንና የጨዋታ አስተላላፊውን ዕጣ የለየው የመሣሪያው መራቀቅ ሳይሆን የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ማሽን ማንንም አያባርርም፤ ማሽኑን የያዘው ሰው ወስኖ ያባርራል። ጥፋትን በዘመን ላይ መጣል ውሳኔን ከወሳኙ መሸሸግ ነው።

ሦስተኛው ተከሳሽ ድርጅቱ ነው። በእርሱ ላይም ቢሆን ፍርድ ከመስጠት በፊት መከራከሪያውን መስማት ተገቢ ነው። «ገቢው ወርዶ ሳለ ጥቂቱን ካልቀነስሁ ሁሉም ይፈርሳል» ይላል። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። በጎርፍ ጊዜ ጭነቱን የማይቀንስ ጀልባ ከነሰዎቹ ይሰጥማል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህን አይክድም፤ የምርት ወይም የአገልግሎት ተፈላጊነት መቀነስን ሠራተኛን ለመቀነስ ከሚያበቁ ምክንያቶች መካከል ይቆጥረዋል። ነገር ግን ሕጉ እዚያ ላይ አይቆምም። የተሻለ ችሎታና የሥራ ውጤት ያላቸው እንዲቆዩ ካዘዘ በኋላ፣ በዚህ እኩል የሆኑ ሠራተኞች ሲገኙ በቅድሚያ የሚቀነሱት አጭር ጊዜ ያገለገሉና ጥቂት ጥገኛ ያለባቸው እንዲሆኑ፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸውና ነፍሰ ጡሮች ግን ወደ ኋላ እንዲቆዩ ያዛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕጉ በቀጣሪው መዝገብ ላይ ካለው ቁጥር ጀርባ ልጆች የሚያሳድግ፣ አካሉ የተጎዳ፣ በማኅፀኗ ሕይወት የያዘች ሰው መኖሩን ያያል።

ስሌቱም እንዲሁ መታየት ይገባዋል። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የአማካይ ቀን ደመወዙ 30 እጥፍ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ በተጨማሪም 60 እጥፍ ይከፈለዋል። አሥር ዓመት የሠራ ሰው 30፣ ከዚያ 90፣ ከዚያ 60 ሲደመር የ180 ቀን ደመወዝ ያገኛል ማለት ነው። አሥር ዓመት በስድስት ወር ተመነዘረ። በስድስት ወር አዲስ ሙያ የሚማር ወጣት ይኖራል፤ አርባ ዓመት አልፎት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግን ጊዜው ያጥረዋል። ሕጉ ዕዳ መኖሩን አምኗል፤ ዕዳውን ግን አልጨረሰውም። የአዳራሹን ባለቤትና ሻይ ሻጯን ደግሞ ጨርሶ አልደረሰባቸውም።

፬. ዋጋና ክብር

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር ድርሰቱ ዋጋ ያለውን ነገር ክብር ካለው ነገር ለይቷል። ዋጋ ያለውን ነገር እኩያው በሆነ ሌላ ነገር መተካት ይቻላል፤ ክብር ያለውን ግን የሚተካው የለም። ሰውም ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ይህን ልዩነት በስፖርት ሥርጭት ውስጥ ማየት አያስቸግርም።

በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በአዲስ አበባ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን ከዚምባብዌ ጋር ተጫውቶ በፍፁም ቅጣት ምት ሲያሸንፍ፣ የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ጨዋታውን ያስተላለፈበት ድምፅ በብዙዎች ትዝታ ውስጥ ከድሉ ተለይቶ አይታይም። ያ ድምፅ በደቂቃ ስንት ብር ያወጣ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ራሱን ስቷል። የሕዝብ ደስታ ቋንቋ ያገኘው በዚያ ሰው አንደበት ነው። በሌላ ድምፅ ቢተላለፍ ኖሮ ዋንጫው ያው ዋንጫ ይሆን ነበር፤ ትዝታው ግን ያው ትዝታ አይሆንም ነበር።

ይሁንና እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት አለ። የጥበብ ሰው ይህን ምሳሌ ሲሰማ «እንግዲያው ባለ ተሰጥኦው አይነካ» ወደሚል ድምዳሜ ቶሎ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 በአሜሪካ የታወቁት አቅራቢዎች ሲሰናበቱ ጋዜጦች ስማቸውን እየጠሩ አዘኑ፤ ተመልካቹም አዘነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ስለ ስልክ አስተናጋጆቹ የተነገረው ግን በአብዛኛው ቁጥር ነበር። እነዚያ አስተናጋጆች በጨዋታው ዋዜማ ሥዕል የጠፋበትን፣ የተቆጣውን፣ የሚሳደበውን ደንበኛ በትሕትና እየሰሙ፣ ሚሊዮኖች ጨዋታውን እንዲያዩ ያበቁ ነበሩ። ካንት ስለ ክብር የተናገረው ነገር ለዝነኛው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ክብሩ ሌላ ዓይነት ዋጋ ሆነ ማለት ነው፤ በገበያ ሳይሆን በጭብጨባ የሚለካ ዋጋ። ፍትሕ ግን ጭብጨባን አይጠብቅም። ሥራው የማይታይለት ሠራተኛ ሲሰናበት የሚሰማው ዝምታ የኅብረተሰቡን ኅሊና የሚመዝን የመጀመሪያው ሚዛን ነው።

፭. ዕዳው እንዴት ይከፈል

ከላይ የተባለው ሁሉ ሲጠቃለል፣ ዕዳው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጠቅልሎ የሚጫን አይደለም። ሆኖም እኩል አይከፋፈልም። ትልቁ ድርሻ የሚያርፈው የነገውን ገቢ ዛሬ አስልቶ በፈረመው ላይ ነው። ለጨዋታ መብት የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ቃል የሚገባ ድርጅት፣ ለዚያው ዘመን ያህል ለሠራተኞቹ መጠባበቂያ የማያስቀምጥበት ምክንያት የለም። በውርርዱ ትርፍ የተገኘ ጊዜ ትርፉን የወሰደ፣ ኪሳራ የመጣ ጊዜ ኪሳራውን ለሠራተኛው ሊተው አይገባም። ውርርዱን የተወራረደው ሠራተኛው አልነበረምና።

ሁለተኛው ድርሻ የሕግና የመንግሥት ነው። ይህ ሊሆን የማይችል ምኞት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ መልቲቾይስን ሲገዛ፣ በደቡብ አፍሪካ ለግዢው ፈቃድ ከተያያዙት ግዴታዎች አንዱ ለሦስት ዓመት ሠራተኛ በቅነሳ እንዳይሰናበት የሚል ነበር። ሦስት ዓመት ዘላለም አይደለም፤ ቢሆንም ሰው ራሱን አስተካክሎ የሚቆምበት ጊዜ ነው። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የሠራተኛው ጉዳይ ሊቀርብ እንደሚችል፣ ሲቀርብም ድርድሩ እንደማይፈርስ አሳይቷል።

ሦስተኛው ድርሻ የትምህርትና የባህል ተቋማት ነው። የጨዋታ ማስተላለፍ ጥበብ፣ የካሜራ ዐይን፣ የድምፅ ቅንብር የአንድ ድርጅት ንብረት ሆኖ ከድርጅቱ ጋር የሚወድቅ ሳይሆን፣ እንደ ታንኳ ሥራው በባለሙያው እጅ የሚቀር ሊሆን ይገባል። ከጣቢያው የወጣ ባለሙያ በትምህርት ቤት የሚያስተምርበት፣ የወረዳና የቀበሌ ውድድሮችን በአካባቢው ሬዲዮ የሚያስተላልፍበት በር ቢከፈት፣ የሰባታሚት ወጣቶች የሰፈራቸውን ጨዋታ ለማየት ሁልጊዜ 36,000 ኪሎ ሜትር ሰማይ መዞር ባላስፈለጋቸው ነበር።

የተመልካቹ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን አለች። ይኸውም የሚያየው ምስል በራሱ እንዳልመጣ ማወቅ ነው። ከኳሱ በስተጀርባ ካሜራ የተሸከመ ትከሻ፣ ሽቦ የዘረጋ እጅ፣ በሌሊት ስልክ ያነሳ አንደበት አለ። ይህን የሚያውቅ ተመልካች መሄድ ካለበት ይሄዳል፤ የሌላውን ድካም ግን አይሰርቅም፣ ሠራተኛው ሲባረርም «ዘመን ነው» ብሎ አያልፍም።

የቴያትር ሰው፣ ሠዓሊውና ደራሲው ይህን ጉዳይ የሌላ መንደር ነገር አድርገው ማየት አይገባቸውም። የሲኒማ አዳራሹ ወንበር ሲራቆት፣ የመጽሐፉ አንባቢ ወደ ስልኩ ሲዞር፣ የዛሬው የስፖርት ጣቢያ ጥያቄ በእነርሱም ደጅ ይቆማል። ያን ጊዜ ስንት ሰው እንደ ተመለከታቸው ሳይሆን ሰው መሆናቸው እንዲቆጠርላቸው የሚሹ ከሆነ፣ ይህንኑ ዛሬ ስሙ ለማይጠራው የስልክ አስተናጋጅና በአዳራሹ ደጅ ሻይ ለምትሸጠው እናት ሊጠይቁላቸው ይገባል።